«እሷስ ተከትባለች?»፦ አራዳ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል

አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ዲግሪ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ ሰው እንዳይጠፋበት የሚሳሳለትን ወረቀት ሁሉ አባዝቻለሁ፣ ላሚኔት አድርጌያለሁ። የሕፃናት የክትባት ካርድም ይመጣል፤ ቪዛ የሚጠብቅ ቤተሰብ ወይም መዋዕለ ሕፃናት «ኮፒውን አምጡ» ያለው ወላጅ ይዞት ይመጣል። የ12 ወይም የ14 ዓመት ልጅ የክትባት ካርድ ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን እጄ ገብቶ አያውቅም። ይህንንም ልብ ያልኩት በ2017 መጋቢት መጨረሻ፣ ልጄን ቶንሲል አሟት ጤና ጣቢያ ከወሰድኳት በኋላ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ ወደዚያው የክትባት ክፍል ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በየጊዜው ሌላ ልጅ ይዤ። የምጽፈው ስለዚያ ክፍል ነው። አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን የማልጠራው አንባቢ ሁሉ እሱን ፍለጋ ከተማ አቋርጦ ከሚመጣ የየወረዳውን ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲጠይቅ ስለምፈልግ ነው። ከዚህ በታች የምወቅሳቸው ነገሮችም የዚያ ቤት ብቻ አይመስሉኝም።

ልጄ ያኔ 12 ዓመቷ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። በኅዳር 2017 ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በዘመቻ ሲሰጥ፣ በአገር ደረጃ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጆች እንዲደርሳቸው ታስቦ ነበር። ክትባቱ ትምህርት ቤቷ ድረስ መጥቷል። እሷ ግን ያን ሳምንት ትኩሳት ይዟት ቤት ተኝታለች። ተሽሏት ስትመለስ ጓደኞቿ የተወጉበትን ክንድ አሳዩዋት፤ ማታ መጥታ «እማ፣ እኔን አመለጠኝ» አለችኝ። እኔም «ሌላ ጊዜ ይመጣሉ» ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ያ ቃሌ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ማን ነው የሚመጣው? መቼ ነው የሚመጣው? ትምህርት ቤቱን ሄጄ አልጠየቅኩም፤ ትምህርት ቤቱም የቀሩትን ልጆች ስም ጽፎ ለወላጅ አላከም።

በጥር ደግሞ ሳል ይዟት አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ደም ተመረመረች፣ ራጅ ተነሣች፣ ሽሮፕ ታዘዘላት፤ ስለ ክትባት ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። በየካቲት ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጣች። ከሁለት ዓመት በታች ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ሴት በቤቱ መኖር አለመኖሩን ጠየቀችኝ። የለም ስላት አመስግና ሄደች። እኔና እሷ በር ላይ ስናወራ ሁለት ልጃገረዶች ከኋላዬ ቆሎ እያመሱ ነበር። አንደኛዋ ልጄ ናት፤ ስለ ሁለተኛዋ እመለስበታለሁ።

እና በመጋቢት መጨረሻ ቶንሲሏ አብጦ ምራቅ መዋጥ ሲያቅታት የጤና መድኅን መታወቂያችንን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ካርድ ክፍል 40 ደቂቃ ቆምን። ያየን ጤና መኮንን ወጣት ልጅ ነው። ጉሮሮዋን አየ፣ ሙቀቷን ለካ፣ 37.6፣ መድኃኒት ጻፈ። ማዘዣውን ሊሰጠኝ እጁን ከዘረጋ በኋላ ቀና ብሎ «እሷስ ተከትባለች?» አለኝ።

«ሕፃን ሆና ሁሉንም ጨርሳለች» አልኩት። እርግጠኛ ነበርኩ፤ ያንን ካርድ ላሚኔት ያደረግኩት እኔው ነኝ።

«እሱን አይደለም፤ የልጃገረዶቹን።»

እንዳመለጣት ነገርኩት። ሲሻላት ይዣት ልምጣ ወይ ስለው «ይህን ያህል ትኩሳት ከክትባት አይከለክልም። ዛሬ እዚህ ናችሁ፤ ነገ እሷ ትምህርት፣ እርስዎ ሥራ አለባችሁ» ብሎ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ወደ ክትባት ክፍል ላከን።

ይህን ስጽፍ የማስበው ያንን ጥያቄ ነው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ልጄ ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ በትምህርት ቤት፣ በክሊኒክና በራሴ ቤት በር ላይ በስንት ሰው ፊት አልፋለች፤ የጠየቃት አንድ ሰው ነው፤ የተከተበችውም እሱ በጠየቀበት ቀን ነው። ሕፃን ሲሆን እናት ቀኑን ቆጥራ ትሄዳለች፤ 45 ቀን፣ ሁለት ወር ከግማሽ፣ ሦስት ወር ከግማሽ፣ ዘጠኝ ወር። 12 ዓመት ለሞላው ልጅ ቀን የሚቆጥርለት የለም። ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሲታመም ነው፤ ስለዚህ በታመመበት ቀን ካልተጠየቀ መቼም አይጠየቅም።

የክትባት ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የሕፃናት ሚዛን፣ አንድ አጭር የምርመራ አልጋ፣ ትልቅ መዝገብ፣ ጥግ ላይ ማቀዝቀዣ። ሲስተር ወደ 50 የምትጠጋ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ብጣሹን አንብባ መጀመሪያ ያየችው ልጄን ነው። «ነይ የኔ ቆንጆ። ዛሬ ክትባትሽን ትወስጃለሽ፤ ግራ ክንድሽ ላይ ነው። እናት፣ የሚጠይቁኝ ነገር ካለ ይጠይቁኝ» አለች።

አነጋገሯን ልብ በሉልኝ። «ትፈልጋላችሁ ወይ?» አላለችም፤ «አስባችሁበት ተመለሱ»ም አላለችም። የሚደረገውን ነገረችን፣ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ጥያቄያችንን ጠበቀች። ባለሙያ ሲያመነታ እናት ትፈራለች። እሷ አላመነታችም፤ አላጣደፈችኝምም።

ሁለት ነገር ጠየቅኳት። የመጀመሪያው በዘመቻው ሰሞን ሱቄ ውስጥ ኮፒ እስኪያልቅላቸው የሚጠብቁ ሰዎች ሲያወሩት የከረሙት ነው፤ መካን ያደርጋል የሚባለው። ሲስተር አልተቆጣችም። «እርስዎ ሲያረግዙ ቲቲ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን፣ አልወሰዱም?» አለችኝ። ወስጃለሁ። «በሱም ላይ ይሄው ወሬ ይወራ ነበር። ይኸው ወልደዋታል» ብላ ወደ ልጄ አመለከተች። ከዚያ በክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ እንደሌለ አስረዳችኝ። ያለው የቫይረሱ የላይ ቅርፊት አምሳያ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሰውነት ቅርፊቱን አይቶ ጠላቱን ይለምዳል፣ ለመታመም ግን የሚያደርሰው ነገር የለም። ሕፃናት በፔንታ፣ አምስት በሽታ በአንድ መርፌ በሚከላከለው ክትባት፣ ውስጥ የሚወስዱት የጉበት ቫይረስ መከላከያም እንደዚሁ ከቫይረሱ ቅርፊት የሚሠራ ነው። ቀጥላ ያለችውን ግን አልረሳውም፦ «ማኅፀን የሚያሳጣስ ካንሰሩ ነው። ለማዳን ሲባል ማኅፀኗ የወጣላት ስንት ወጣት አለች።»

ሁለተኛው ጥያቄዬ ዕድሜዋ ነበር። ገና ልጅ ናት፤ ለምን አሁን? ልጄ አጠገቤ ስለነበረች ቃል እየመረጥኩ ነው የጠየቅኩት፤ ሲስተር ግን ለሁለታችንም በግልጽ ነገረችን። ቫይረሱ፣ ኤችፒቪ የሚባለው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ክትባቱ የሚጠቅመው ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ሳይገባ ከተወሰደ ነው፤ የገባውን አያስወጣም። ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ 15፣ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ እናት በ40 ዓመቷ የምትታመመው በወጣትነቷ በገባ ነገር ነው። ከቫይረሱ ዓይነቶች 16 እና 18 የተባሉት ብቻ ከማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ፤ ክትባቱ እነሱን ይከላከላል። ሁሉንም ስለማይከላከል ስታድግ ምርመራው አይቀርላትም። ይህንን ሳትደብቅ መንገሯ ይበልጥ እንዳምናት አደረገኝ።

ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት የሙቀቱ መጠን ተጽፎበታል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መሆን አለበት። አንድም ባዶ ሳጥን አልነበረበትም፤ ቅዳሜና እሑድም ተሞልቷል። በእኔ ሥራ ወረቀት ሲሞላ የሚዋሽና የማይዋሽ ይለያል። በአንድ ቀን ተቀምጠው የሞሉት ወረቀት ቀለሙም እጁም አንድ ዓይነት ነው፤ ይህኛው በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ፣ በሁለት ሰው እጅ የተጻፈ ነው። መብራት ሲጠፋስ ብዬ ጠየቅኳት፤ እኛ ሠፈር በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ እናውቃለንና። ማቀዝቀዣው ግድግዳው ውስጥ በረዶ የሚይዝ ስለሆነ መብራት ቢሄድ ቅዝቃዜውን ለረጅም ሰዓት አይለቅም አለችኝ። ከዚያ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃዋን ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ላይዋ ላይ ያለውን ምልክት አሳየችኝ፤ ክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ሙቀት ሲነካው አራት ማዕዘኑ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ከክቡ ቀለም ጋር ከተመሳሰለ ብልቃጡ ይጣላል። የእኛው ነጣ ያለ ነበር። በረዶ ከሆነም ይበላሻል፤ ሰው ሙቀቱን ብቻ ነው የሚፈራው አለች።

መርፌው እስክንነጋገር እንኳ አልቆየም። ልጄ ፊቷን ወደኔ አዞረች፣ አለቀ። ክፍያ የለውም። 15 ደቂቃ ሳንነሣ እንድንቀመጥ አዘዘችን፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከመርፌ በኋላ አንዳንዴ ራሳቸውን ስለሚስቱ ነው።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልኬ ላይ ሳነብ አመሸሁ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው ይሄ ካንሰር እንደሆነ፣ በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 350 ሺህ ያህል ሴቶች እንደሞቱበት፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከመቶ ልጃገረድ 90ዋ 15 ዓመት ሳይሞላት እንድትከተብ ግብ ማስቀመጡን አነበብኩ። 15 ሳይሞላት። ቀና ብዬ አልጋው ላይ የተኛችውን የወንድሜን ልጅ አየኋት። በሐምሌ ወር 15 ዓመት ይሞላታል።

እሷ ናት ሁለተኛዋ። ከጎጃም ገጠር ወደኔ የመጣችው በጥር ነው። በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ሁለት ዓመት አለፋት፤ አሁን ማታ ትማራለች። የኅዳሩ ዘመቻ ሲካሄድ የማንም ክፍል ስም መጥሪያ ላይ አልነበረችም። እዚያም ተማሪ አይደለች፣ እዚህም ገና አልመጣች። እንደሷ ያሉ ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ አሉ። ዘመድ ጋ የመጡ፣ ሕፃን የሚይዙ፣ ምግብ ቤት ሣህን የሚያጥቡ፣ ማታ የሚማሩ። በትምህርት ቤት የሚሰጥ ክትባት እነሱን አያገኛቸውም፤ ለነሱ ያለው ጤና ጣቢያው ብቻ ነው።

ሕማማት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት ይዣት ሄድኩ። እዚህ ላይ ነው የጤና ጣቢያውን ትልቁን ጉድለት ያየሁት፤ እሱም አግዳሚ ወንበሩ ነው። የክትባት ክፍሉ ደጃፍ ላይ ያለው አንድ ረጅም አግዳሚ ለሁሉም ነው፤ ጨቅላ የታቀፉ አራሶች፣ የሚያለቅሱ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች። በመካከላቸው የ14 ዓመት ልጅ ስትቀመጥ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል። አንዷ እናት ለጎረቤቷ «በዚህ ዕድሜዋ!» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አርግዛ መስሏት ነው። የወንድሜ ልጅም ሰምታለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ «አክስቴ፣ እንሂድ» አለችኝ። እጇን ያዝኳት። ሌላ ልጅ ብቻዋን ብትሆን ተነሥታ ትሄድ ነበር፤ ዳግመኛም አትመጣም። በግድግዳው ሥዕሎች ላይ አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ተማሪ ብትኖር፣ ከአግዳሚው ጫፍ ሁለት ወንበር ዞር ተደርጎ «የልጃገረዶች ክትባት» ተብሎ ቢጻፍበት ወጪው ምን ያህል ነው? ጽሑፉን እኔ አትሜ እሰጣለሁ።

ሲስተር አስታወሰችን። ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። መታወቂያ አልጠየቀችም፤ የየት ወረዳ ነዋሪ ናት አላለችም። ልጅቷን ስለ ክትባቱ ምን እንደሰማች ጠየቀቻት። «የከተማ ልጆች ብቻ የሚወስዱት መስሎኝ» አለች የወንድሜ ልጅ አንገቷን ደፍታ። ሲስተር አጠገቧ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከእኔ ጋር የተነጋገረችውን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ለሷ ነገረቻት፤ በቀላል ቃል፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ። ደጅ ስድስት እናቶች እየጠበቁ ነበር።

መርፌው ከተወጋች በኋላ ፊቷ ነጣ። ጾመኛ ናት፤ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ለእኔም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት። ሲስተር ሳትደናገጥ አጭሯ አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ እግሯ ተርፎ ተንጠልጥሏል። እግሯን ከፍ አድርጋ ያዘችላትና ስትነቃ «ውኃ ጠጪ፣ ፈጣሪ ያውቃል» አለቻት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተን በእግሯ ወጣች። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መብላቷን ጠይቁ።

ስንወጣ ሲስተርን ስለ ሱቄ ልጅ ጠየቅኳት። ኮፒ የምታነሣልኝ ልጅ 19 ዓመቷ ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ በ2011 ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር፤ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። እሷ የመጀመሪያውን በ2012 ወሰደች። በመጋቢት ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለተኛው ሳይሰጣት ቀረ። ከዚያ ወዲህ «እኔ ያለኝ ግማሽ ክትባት ነው» እያለች አምስት ዓመት ኖራለች። ሲስተር እንዲህ አለችኝ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አንዷ መርፌ በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጃገረዶች ከሁለቱ የማይተናነስ ጥበቃ እንደምትሰጥ አይቶ አገሮች ወደ አንድ እንዲወርዱ ፈቅዷል፤ በኅዳሩ ዘመቻም አንድ ብቻ የተሰጠው ለዚህ ነው። «ግማሽ አይደለም በያት።» ሱቅ ገብቼ ስነግራት የማሽኑን ክዳን እንደከፈተች ቆማ ቀረች። አምስት ዓመት ሙሉ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር የነገራት ሰው አላገኘችም።

አሁን ስለ ወረቀቱ ልናገር፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። በመጀመሪያው ቀን ሲስተር የልጄን ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ስልኬንና የብልቃጡን ቁጥር መዝገቡ ላይ በንጹሕ እጅ ጻፈች። የሚሰጠን ካርድ ግን አልነበረም፤ አልቋል። በኤ-አራት ወረቀት ግማሽ ላይ ጽፋ ማኅተም መታችበት። ለአራስ ካርድ አያልቅም፤ ለ12 ዓመት ልጅ ያልቃል። ይህ ወረቀት በአንድ ክረምት ይበላሻል። በኅዳሩ ዘመቻ በትምህርት ቤት ከተከተቡት የሠፈራችን ልጆች ካርዷን ያሳየችኝ አንዲትም የለች፤ ደብተር ውስጥ ነበር፣ ደብተሩ ተጣለ። ነገ ሌላ ዘመቻ ሲመጣ ማን ወስዷል ማን አልወሰደም የሚለውን በልጅ ትዝታ ሊወስኑ ነው።

ሌላው ስልክ ነው። መዝገቡ ላይ ስልክ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ የሚደወልበት ግን የለም። ትምህርት ቤቶች በክትባቱ ቀን የቀሩትን ልጆች ስም በአንድ ገጽ ጽፈው ለጤና ጣቢያው ቢሰጡ፣ ጤና ጣቢያው ለወላጅ አንድ ጊዜ ቢደውል፣ ልጄ በታኅሣሥ ትከተብ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ዝርዝርና የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ነው።

ፒያሳን ደግሞ አስቡ። በ2016 ሠፈሩ ሲፈርስ ከደንበኞቼ ስንቶቹ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀየሩ፣ ወላጆቹ ሥራቸው እዚሁ መሀል ከተማ ቀረ። አንዷ ደንበኛዬ አሁንም በታክሲ ተመላልሳ እዚህ ነው የምትሠራው። ልጇ በአሮጌው ትምህርት ቤት ወጥታለች፣ በአዲሱ ዘመቻው ሲያልፍ ገና አልተመዘገበችም ነበር። «ወረዳሽ አይደለም ይሉኛል» ብላ ፈርታ ሳትሄድ ቀርታለች። የወንድሜን ልጅ ሲስተር ያለ መታወቂያ እንደተቀበለቻት ነገርኳት፤ በነጋታው ሄደች፣ ልጇ ተከተበች። ይህ መረጃ ከአፍ ወደ አፍ ሳይሆን በጤና ጣቢያው በር ላይ በትልቁ መለጠፍ የነበረበት ነው።

ሰዓቱም ችግር ነው። ክትባት ክፍሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ነው የሚከፈተው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ባሉበት ሰዓት። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢከፈት የሚመጡትን ለማየት ፈቃደኛ የሚሆን ኃላፊ እንዲገኝ እመኛለሁ።

በኮከብ ስጪ ብባል ለጤና መኮንኑና ለሲስተር ከአምስት አምስት፣ ለማቀዝቀዣው ወረቀት አምስት፣ ለአግዳሚውና ለካርዱ ሁለት፣ ለስልኩ ምንም።

ለሦስተኛ ጊዜ የሄድኩት በሰኔ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ጀበና አቅርባ ቡና የምትሸጥ ሴት አለች፤ የምትረዳት የእኅቷ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። አክስቷ ሥራዋን ጥላ መሄድ ስላልቻለች እኔ ይዣት ሄድኩ። ሲስተር የልጅቷ አሳዳጊ አለመሆኔን ስትሰማ አክስቷን በስልክ አነጋግራ ፈቃዷን ጠየቀች፤ ልጅቷንም ለብቻዋ ጠየቀቻት። ከዚያ በኋላ ነው የወጋቻት። እኔንም ዝም አላለችኝም፤ ዕድሜዬን ጠይቃ 43 ስላት «የማኅፀን በር ምርመራ አድርገው ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለች ሴት እዚያው ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ያን ዕለት ተመርምሬ ያን ዕለት ውጤቴን ይዤ ወጣሁ፤ ደህና ነኝ።

በሰኔ ካርድ መጥቶ ነበር። የልጄንና የወንድሜን ልጅ ብጣሽ ወረቀቶች አወጣሁ። ሲስተር መዝገቡን ገልጣ የመጋቢቷንም የሚያዝያዋንም መስመር በጣቷ ተከትላ ደቂቃ ሳይሞላ አገኘቻቸው፤ ቀን፣ ዕድሜ፣ የብልቃጥ ቁጥር፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ሦስት ካርድ ጽፋ ማኅተም አድርጋ ሰጠችኝ። መዝገቡን እንደዚያ የያዘች ሴት ካርድ ባልጎደለባት ኖሮ ብዬ አዘንኩ።

ሱቅ እንደገባሁ ሦስቱንም ላሚኔት አደረግኳቸው። ከዚያ በትልቅ ፊደል አንድ ወረቀት አትሜ መስኮቴ ላይ ለጠፍኩ፦ «ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለች ልጃችሁ የኅዳሩ ክትባት ካመለጣት ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ። ነጻ ነው። መታወቂያ አልጠየቁንም። የክትባት ካርድ እዚህ በነጻ ላሚኔት ይደረጋል።» እስካሁን አሥራ አንድ ካርድ አድርጌያለሁ። ትናንት የግንባታ ልብስ የለበሰ አባት መስኮቱ ጋ ቆሞ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። ሚስቱ ዓረብ አገር ናት፤ ልጁ አሥር ዓመቷ ነው። «እመቤት፣ እኔ ወንድ ነኝ፤ እኔ ብወስዳት ያስተናግዱኛል?» አለኝ። ያስተናግዱሃል አልኩት፤ ቁርሷን አብልተህ ጠዋት ውሰዳት፣ ሲስተር ጋ ስትገባ የሚያሳስብህን ሁሉ ጠይቅ፣ ካርዱንም ይዘህልኝ ና።